በሩን ሳትጋርድ

ሽማግሌዎቹ አልቀመጥ አሉ።

ዳንግላ ላይ ለሴት ልጅ የመጣ ሽማግሌ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፣ መልስ ሲሰጠው ነው ወንበር የሚይዘው። አምና በጥቅምት እነዚሁ ሰዎች በዚሁ ሳሎን፣ በዚሁ ምንጣፍ ላይ ቆመው ሜላትን ደረሰ ለሚባል ልጅ ለምነው ነበር። ያን ጊዜ የቆሙት ሊወስዱ ነው። ዛሬ የቆሙት ሊመልሱ ነው። ሰው የገዛው ጫማ ጠብቦት ወደ ሱቅ ሲመልስ እንኳ ትንሽ አንገቱን ይደፋል። እነሱ አንገታቸው ቀጥ ብሏል።

«ኧረ አረፍ በሉ» አሉ የሜላት አባት አቶ ኪዳኑ። የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ ልጃቸውን ለሚኒባስ ሾፌር፣ ያውም ከጥሊሊ ማዶ ለመጣ የገበሬ ልጅ ለመስጠት ከራሳቸው ጋር ብዙ ተሟግተው ተሸንፈው ነበር። ከተሸነፉ በኋላ ደግሞ፣ የማይናገሩት ነገር ቢሆንም፣ ልጁን ወደውታል።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አዝመራው። የደረሰ አጎት ናቸው። በጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ከፊት ከሚጋልቡት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ሲቆጡም ፈረሱ ላይ ያሉ ይመስል ከላይ ወደ ታች ነው የሚናገሩት። ከፈረሱ ሲወርዱ ቁመታቸው ከሜላት ትከሻ እንደማያልፍ የሚያስታውሳቸው ሰው የለም። «አቶ ኪዳኑ፣ ቃል ተቀብለን ሄደን ነበር። ቃላችሁን ይዘን መጥተናል፤ እንካችሁ። ልጅዎ ሌላ ሰው አላት።»

ሜላት ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እናቷ እሜት ሙሉነሽ እጅጌዋን ይዘዋታል። ሽማግሌ ባለበት የምትጠየቅ ልጅ ብቅ አትልም፤ የሚመልሷት ልጅ ብቅ ትበል አትበል ግን ደንቡ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ ወጣች።

«ማነው ሌላው ሰው?» አለች።

ጋሽ አዝመራው ፊታቸውን ወደ አባቷ እንዳደረጉ መለሱ። «ዓባይነህ የሚሉት። እዚያው ኮሶበር፣ የትንፋሽ ቤት አብሯት የሚሠራ። ሞተር ላይ አፈናጥጧት ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር አገር ያየው ነው።»

ኮሶበር ያሉት እንጅባራን ነው፤ ለጋሽ አዝመራው ከተማዋ የዞን መቀመጫ ብትሆንም ዩኒቨርሲቲ ብታስከፍትም ያው ኮሶበር ናት። የትንፋሽ ቤት ያሉት ደግሞ ሜላት የምትሠራበትን የምክር ክፍል ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ሰው ሁለት ጊዜ ሳይተነፍስ አንብቦ አይጨርሰውም፤ «ሁሉን አቀፍ፣ አካል ተኮር…» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው እስካሁን አልታየም። የእንጅባራ ሰው «የትንፋሽ ቤት» ብሎ ገላገለው። በደረሰበት ነገር ሰውነቱ የደነገጠ ሰው እዚያ ይሄዳል። ለምን ሆነ ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። «የት መቀመጥ ይፈልጋሉ? በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ሐሳቡ ሰውነትዎ ላይ የት ይሰማዎታል?» ነው የሚባለው። ድንች አምራቹም፣ ከሰል ነጋዴውም፣ ተማሪዋም እኩል ነው የሚጠየቁት። አማርኛ የማይቀናው ሰው ከመጣ ደግሞ ዓባይነህ አለ፤ አዊኛ እናቱ ጡት ላይ የተማረው ቋንቋ ነው።

«ደረሰ ነው እንዲህ ያለው?» አለች ሜላት።

«ጠየቅነው። ተለያያችሁ ወይ አልነው፣ አዎ አለ። ሌላ ሰው አለ ወይ አልነው፣ ዝም አለ። የወንድ ልጅ ዝምታ ምን እንደሆነ እኛ አናጣውም።»

ንዴቱ መንጋጋዋ ላይ ጀመረ። ከዚያ አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን ይዞ ጣቶቿ ጫፍ ደረሰ። ሌላውን ሰው «የት ይሰማዎታል?» እያለች ስትጠይቅ የምትውል ሴት ዛሬ ራሷን ብትጠይቅ መልሱ «የት አይሰማኝም!» ነበር። እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ አለች ለራሷ፣ ለደንበኞቿ እንደምትለው። እግሯ ግን ማረፍ አልፈለገም። መርገጥ ነው የፈለገው፤ ያውም መሬቱን አይደለም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ነጻ ትወጣለች። ዓረፍተ ነገሯ ምላሷ ላይ ናት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን የመናገር መብት ያለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዝም ብሏል።

* * *

በሰኔ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ የደረሰ ሚኒባስ ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ሲመጣ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌላው ሁሉ ተርፎ ጋቢና ከጎኑ የተቀመጡት አንዲት እናት አልተረፉም። ሰው እስኪደርስ ድረስ ቀኝ እጁን ይዘውት ነበር። ከዚያ ለቀቁት። ትራፊኩም፣ የሟች ልጆችም «ጥፋቱ የመንገዱ ነው» አሉ። ማንም አልከሰሰውም፤ ከቀኝ እጁ በቀር።

እጁ ማርሽ ሲነካ ይደነዝዛል። ወጌሻ አሸው፣ ጸበል ገባ፣ ራጅ ተነሣ። «ምንም የለም» አሉት። ምንም የለም የተባለው እጅ መኪና አልነዳ አለ። ለቤተሰቡ «መኪናው ጋራዥ ነው» አላቸው። ጋራዥ የገባ መኪና አያሳፍርም።

አንድ ሐሙስ ሜላት ቀጣዩን ባለተራ ስትጠራ ደረሰ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው። ክፍሉ ውስጥ ሰው እንደ ፍላጎቱ የሚመርጣቸው መቀመጫዎች አሉ፤ የቀርከሃ ወንበር፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳ ሥር አግዳሚ። እሱ የእሷን ወንበር ጎትቶ ከቆመችበት አጠገብ ተቀመጠ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ሜሉ» አላት። «ለማንም አልተናገርኩም። ሰውን ሁሉ የምታድኝ ከሆነ እስኪ እኔን አድኝኝ።»

ይህን ያህል ጊዜ ስታውቀው ድምፁ እንዲህ ሲያንስ ሰምታ አታውቅም። እጁን ልትይዘው ፈለገች። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ እጁን ከያዘች አማካሪ አይደለችም፤ ካልያዘች እጮኛ አይደለችም። ሁለቱን መሆን አይቻልም። ፈራች። ስትፈራ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አላት፤ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ላይ የቃረመችው አማርኛ ይመጣባታል።

«የሙያ ሥነ ምግባሩ ስለማይፈቅድልኝ» አለች «ጉዳይህን ለባልደረባዬ ለአቶ ዓባይነህ አስተላልፋለሁ።»

የማታውቀው ገበሬ ቢገባ ኖሮ በሰው አንደበት ታናግረው ነበር። የምትወደውን ሰው እንደ ማኅተም አናገረችው።

ደረሰ ተነሣ። ወንበሯን ወደ ቦታዋ መለሰ። «ከፍቅረኛነት ወደ ጉዳይነት ወረድኩ» አለ። «እሺ፤ አስተላልፊኝ።» በሩን ከፍቶ ወጣ። ዓባይነህ ዘንድ አልሄደም። ስልክም አላነሣም።

የደወለችበት ቀን ሁሉ የመኪናው ጥሩንባ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ዳንግላ መናኸሪያ ሲገባ እሷን ለማስደነቅ ይነፋው የነበረው።

* * *

«ሜላት» አሉ አቶ ኪዳኑ፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ። «እውነት ነው?»

«ሐሰት ነው።»

«ታዲያ ምን አጣላችሁ?»

«መናገር አልችልም፣ አባዬ።»

«አይታበልም!» አሉ ጋሽ አዝመራው ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «አልችልም አለች፤ የለም አላለችም።»

«የለም ብያለሁ! ሐሰት ነው አልኩ! ጆሮዎ ፈረስዎ ላይ ነው የቀረው?»

እሜት ሙሉነሽ ከጓዳ «ወይኔ ልጄን!» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ደበቀ።

ጋሽ አዝመራው ቀሉ። «አንች ልጅ፣ ትንፋሽ ለማስተማር ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን ይሉታል? ፈረሴ ሳይማር ይተነፍሳል! እኛ ገና ከጅምሩ የእብድ ሐኪም ለምራትነት አትሆንም ብለን ነበር፤ ልጁ ነው ሙቼ እገኛለሁ ያለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ፤ ሽማግሌ ሲለዝብ ተረት እየመጣ ነው። «ተናገሪ እንጂ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ሜላት ሳቋ መጣ። ክፉ ሳቅ ነው። ምላሷን ነከሰች። ይህን ተረት ተሸክመው ከጥሊሊ እዚህ ድረስ ሲመጡ፣ ተረቱ የሚመለከተው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

አባቷ ያዩዋታል። ነገ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡት ነጋዴዎች ይህን ነገር ከስኳሩ ጋር እንደሚያማስሉት ሁለቱም ያውቃሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር በዪ» አሉ። ነጋዴ ናቸው፤ መለመን አያውቁበትም፤ ለመኑ።

ሜላት ከአባቷ ዓይን ሸሽታ በሩን አየች። ጥፍሯ መዳፏ ውስጥ ገባ።

«ደረሰ የት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ውጭ። ጋሪው ላይ።»

«ማንም እንዳይከተለኝ።»

* * *

ከመናኸሪያ ያመጣቸው ጋሪ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ባለጋሪው የሜላትን ፊት ሲያይ ለፈረሱ ውኃ ማምጣት እንዳለበት ትዝ አለው። ደረሰ ብቻውን ቀረ፤ ቀኝ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው።

«ውረድ» አለችው።

ወረደ።

«ሌላ ሰው አለ ወይ ሲሉህ ዝም አልክ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የለም በል! ቃሏን ከአፍህ ለማውጣት ማርሽ አያስፈልግም!»

ፊቱ ተለወጠ። እሷንም ቃሏ ከአፏ ስትወጣ ቆረጠቻት፤ ግን አልመለሰቻትም።

«የለም ብል» አለ ደረሰ ቀስ ብሎ «ታዲያ ምን አጣላችሁ ይሉኛል። ከዚያስ? የትንፋሽ ቤት ሄጄ ነው ልበል? የአዝመራው ወንድም ልጅ አበደ ልባል? ከዚያ በኋላ ማን ሚኒባስ ይሰጠኛል? ማን ልጁን ከኋላዬ ያሳፍራል?»

«ስለዚህ አንተ እብድ ከምትባል እኔ ባለጌ ልባል?»

ዝም አለ።

«እየው! አሁንም ዝም! ይህቺ ዝምታህ ምን እንደሠራች ታውቃለህ? አባቴ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ሲለምነኝ ዋለ። አባቴ! አንድ ሜትር ጨርቅ ዋጋ ቀንስ ሲሉት የሚያኮርፈው ሰውዬ!»

«ምን አልሻቸው?» አለ። ወደ ግቢው በር አየ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም። ክፍሉ ውስጥ የገባ ነገር አይወጣም፤ የገባው ሰው መግባቱም አይወጣም። ቢንቀኝም፣ ስሜን ቢያጠፋውም አይወጣም። አንተ ዝም ያልከው ለራስህ ነው፣ ደረሰ። እኔ ዝም ያልኩት ላንተ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ብለህ እንዳትደፍር።»

ፈረሱ ጆሮውን አዞረ። ደረሰ አጥሩን ተደገፈ።

«አንች ነሽ አሳልፈሽ የሰጠሽኝ» አለ። ድምፁ የልጅ ሆነ። «ያን ቀን ለማንም መናገር የማልችለውን ነገር ነገርኩሽ። አንች ጉዳይህ አልሽኝ።»

ይህ እውነት ነበር። እውነት ስለሆነም የባሰ አናደዳት።

«ፈርቼ ነበር!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳትል። «ስፈራ እንደ መሥሪያ ቤት ነው የማወራው፤ እግዜር ይይልኝ! ካንተ ፊት ለፊት ተቀምጬ እጅህ ላይ ምን ይሰማሃል ብዬ ልጠይቅህ? ሰዓት አይቼ ለዛሬ ይብቃን ልበልህ? እኔ ያንን እጅ መያዝ ነው የምፈልገው፣ አንተ ደንቆሮ! አማካሪህ ከሆንኩ መያዝ አልችልም። አንዱን ምረጪ የሚል ነገር መጣ፤ መረጥኩ። ሥራዬን ለዓባይነህ ሰጠሁት፣ አንተን ለራሴ አስቀረሁ። አንተ ግን ገልብጠህ ሰማኸው።»

ደረሰ ቀና ብሎ አያት። እንዲያ ካያት ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

«ደግሞ» አለች፣ ድምፏ እየወረደ «ስቃዥ በአዊኛ ነው የምጮኸው ያልከኝ ራስህ ነህ። እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና ስድብ ነው፤ ስድቡንም ያስተማርከኝ አንተው። ፍርሃትህ የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ያስፈልግሃል። ያ ሰው እኔ አለመሆኔ ደስ ይለኛል መሰለህ? ያቃጥለኛል።»

«እና… ገብቼ ልናገር?»

«እሱን አልልህም። መናገር ግዴታህ አይደለም፤ ማንም ሰው ቁስሉን በሽማግሌ ፊት ገልጦ የማሳየት ግዴታ የለበትም። ጋሪው ያውልህ፣ ወደ ጥሊሊህ ተመለስ። እኔም አልናገርብህም፤ እስክሞት። ግን አልጠብቅህም። ሰምተሃል? በሐሰት ስሜ እየተነሣ ቁጭ ብዬ አልጠብቅህም።»

ዞራ ገባች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ትሰማ እንደሆነ ጆሮዋን ላለመጣል ስትታገል፣ ታግላም ስትሸነፍ፣ እስከ ግቢው በር ያለው ረጅም መንገድ ሆነባት።

* * *

ሳሎኑ እንደተወችው ነው። ሽማግሌዎቹ እግር እየቀያየሩ ቆመዋል፤ ደንብ ደንብ ነው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» ሲሉ ጀመሩ ጋሽ አዝመራው፤ ከኋላዋ የሆነ ነገር አይተው አቋረጡ። «አንተ! ምን ልትሠራ ገባህ? ሽማግሌ ባለበት! ውጣ!»

ደረሰ አልወጣም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ለሁሉም ዘረጋው።

«ሌላ ሰው የለም» አለ። «ኖሮም አያውቅም። የለም ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። መኪናው ጋራዥ አይደለም፤ ደህና ነው። ጋራዥ የሚያስፈልገው ይህ ነው።» እጁን አየው። «ሴትዮዋ ይዘውኝ ነው የሞቱት። ከዚያ ወዲህ ማርሽ ስነካ…»

አማርኛው እዚያ ላይ አለቀበት። የቀረውን በአዊኛ ጨረሰው፣ ለአጎቱ ብቻ፣ እየተንተባተበ። ከሳሎኑ ግማሹ አልሰማውም። ሜላትም ቃሉን አልሰማችም፤ የጋሽ አዝመራውን ትከሻ ግን አየች። ያ ከላይ ወደ ታች የሚናገር ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ፤ ወረደ፤ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ በልካቸው ቆሙ። አንዲት አጭር ነገር በአዊኛ መለሱለት። ከዚያ ሽማግሌነታቸውን ረስተው፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው፣ አቶ ኪዳኑ ሶፋ ላይ ዘጭ አሉ። ሌሎቹም እያመነቱ ተከተሏቸው።

አቶ ኪዳኑ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ታውቂ ነበር?»

«እሱን ይጠይቁት» አለች ሜላት።

አቶ ኪዳኑ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሌላ አልጠየቁም። ዓይናቸው ብቻ ቀላ።

«አንች ልጅ» አሉ ጋሽ አዝመራው ከሶፋው ውስጥ፣ ምንጣፉን እያዩ። «ያልኩት ሁሉ…»

«ዛሬ አይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች። «ዛሬ ይቅርታ ብቀበል የውሸት ነው። ሌላ ቀን ይምጡ። ያን ቀን ደግሞ ቆመው ይናገሩታል።»

ጋሽ አዝመራው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይገባኛል አሉ።

ደረሰ አሁንም መሐል ሳሎን ቆሟል፤ እጁ እንደተዘረጋ፣ ወዴት እንደሚመልሰው ያላወቀ ይመስላል። አቶ ኪዳኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የክብር እንግዳ የሚቀመጥበትን ትልቁን ሶፋ፣ ከውስጥ ያለውን፣ ከበሩ የራቀውን፣ በእጃቸው አሳዩት። «ና፣ ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል።»

ደረሰ ሶፋውን አየ። በሩን አየ። ትንፋሹ ሲያጥር ሜላት ከማዶ ሆና ሰማችው።

«የት መቀመጥ ትፈልጋለህ?» አለችው። ከቁጣዋ የቀረ ስለት ድምፏ ላይ ነበር፤ ጥያቄው ግን ሙሉ ነበር።

«በሩ አጠገብ» አለ ደረሰ። አፈረ፤ ግን ደገመው፤ «በሩ አጠገብ ነው የምፈልገው። ዓባይነህ… ዘንድ ለመሄድ ተራ መያዝ ያስፈልጋል?»

«ሰኞ አለ። በዚያ ክፍል እኔ አልኖርም።»

«አውቃለሁ» አለ። «አሁን ገባኝ።»

በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሜላት ከጓዳ የቀርከሃ በርጩማ አመጣች። በእሱና በበሩ መካከል አላስቀመጠችውም። በግድግዳው በኩል፣ ከጎኑ፣ በሩ ወለል ብሎ እንዲታየው አድርጋ ተቀመጠች። መንጋጋዋ አሁንም እንደ ተነከሰ ነው። ይቅር አላለችውም። ነገም አትለውም ይሆናል። እሱ ዝም ያለባት ሰዓት ገና ደረቷ ውስጥ ቆማለች፣ እንደ ሽማግሌ፣ ተቀመጪ የሚላት እስክታገኝ።

ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል፤ ቅርብ ነው።

«ልያዘው?» አለችው።

ደረሰ እጁን አየ። በሩን አየ። 

«ቆይ» አላት። «ትንሽ ቆይ።»

ቆየች። ንዴቷም አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ቆየ።